የካላንደሩ ፊት ቀላ፣ ነጠላው ሮዝ ሆነ፤ ጥፋቱ የፋይሉ ነው ወይስ የማሽኑ?

ሐረግ_ዲዛይን
ሰላም ለሁላችሁ። ለአዲስ ዓመት የሚደርስ ካላንደር እየሠራሁ ነው። አሥራ ሦስት ገጽ አለው፤ ጳጉሜንም የራሷ ገጽ ሰጥተናታል። በየገጹ የአንድ ሰው ትልቅ ፎቶ አለ። አዛውንቶች፣ እናቶች፣ ልጆች፤ ሁሉም የሀገር ልብስ ለብሰዋል። ወረቀቱ 170 ግራም የሚያብረቀርቅ አርት ፔፐር ነው።

ስክሪን ላይ ልክ ነበር። በዲጂታል ማሽን ያወጣሁት ናሙናም ደህና ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች በኦፍሴት ታትመው ሲመጡ ግን የሰዎቹ ፊት በርበሬ መስሏል። እኔን የባሰ ያቃጠለኝ ነጠላው ነው። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ነጭ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ጥላ ግን ሮዝ ሆኗል።

ማተሚያ ቤቱ «ፋይልሽ ነው፣ የሰጠሽንን ነው ያተምነው» አለኝ። ማሽኒስቱ ማጀንታውን (ሮዝማውን ቀይ ቀለም) ቀንሶ ጥቂት ወረቀት አወጣልኝ። ፊቱ ትንሽ ተሻሻለ፤ ቀሚሱ ላይ ያለው ቀይ ጥለት ግን ሞተ። ማሽኑ ባለ ሁለት ቀለም ነው። ፎቶዎቹን ከአርጂቢ (ከስክሪን ቀለም) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች፦ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር) የቀየርኩት ፎቶሾፕ ላይ ነው፤ ከለር ሴቲንጉ ፕሮግራሙ ሲጫን እንደመጣ ነው ያለው።

ጥፋቱ የቱ ጋ እንዳለ በምን ይለያል? ዘጠኝ ገጽ ገና አልታተመም። እሱን ማዳን እፈልጋለሁ።

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
ከማንም ጋር ከመከራከርሽ በፊት ቁጥሩን አንብቢ። ፎቶሾፕ ላይ ኢንፎ ፓነሉን ክፈቺ። አይድሮፐሩን 5 በ5 ፒክስል አማካይ ላይ አድርጊው። ከዚያ ሁለት ቦታ ለኪ። አንዱ ብርሃንም ጥላም ያልበዛበት ጉንጭ፣ ሌላው ያ ሮዝ የሆነው የነጠላ ጥላ። አራቱንም ቁጥር እዚህ ለጥፊልን።

ሐረግ_ዲዛይን
እሺ። ጉንጩ ሳያን 42፣ ማጀንታ 61፣ ቢጫ 68፣ ጥቁር 16። የነጠላው ጥላ ሳያን 25፣ ማጀንታ 19፣ ቢጫ 19፣ ጥቁር 0። ይህ የእማማ ፎቶ ላይ ነው፣ የመስከረም ገጽ።

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
እንግዲህ ፋይልሽ ንጹሕ ነው።

በኦፍሴት ሳያን ከፍ ብሎ ማጀንታና ቢጫ እኩል ዝቅ ሲሉ ግራጫ ይገኛል። 25፣ 19፣ 19 አንዱ የታወቀ የግራጫ ልክ ነው። 50፣ 40፣ 40 ሌላው ነው። ሦስቱን እኩል ብታደርጊያቸው ወደ ቀይ ያደላ ቡናማ ይወጣል፤ የሳያን ቀለም መዋጥ ያለበትን ቀይ ብርሃን በሙሉ ስለማይውጥ ነው። ስለዚህ ነጠላሽ ፋይሉ ውስጥ ግራጫ ነው። ሮዝ የሆነው ወረቀቱ ላይ ነው።

ጉንጩም ጤነኛ ነው። ለእኛ ሰው ቆዳ ቢጫው ከማጀንታው ትንሽ ይብለጥ። ሳያኑ ከማጀንታው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሁን። ሰውየው ጠቆር ባለ ቁጥር ሳያኑና ጥቁሩ ይጨምራሉ። የአንቺ ቁጥር እዚያው አካባቢ ነው።

ከለር ሴቲንግሽ ግን ይስተካከል። ብዙ ጊዜ ፎቶሾፕ ሲጫን የሚመጣው ስዎፕ የሚባለው የአሜሪካ ፕሮፋይል (ማሽኑ ቀለምን እንዴት እንደሚያትም የሚገልጽ ፋይል) ነው፤ የተሠራውም ለጥቅል ወረቀት ማሽን ነው። በሺት ማሽን (በተቆረጠ ወረቀት በሚሠራው) አርት ፔፐር ላይ ለሚታተም ሥራ ፎግራ 39 ይሻልሻል። ያም ሆኖ የሮዙ ምክንያት እሱ አይደለም። ስዎፕ ዶት ጌይኑን ከፍ አድርጎ ስለሚገምት፣ ደህና በተያዘ ሺት ማሽን ላይ ሲታተም ፎቶው በጥቅሉ ፈዘዝ ይል ነበር እንጂ አይቀላም።

ጀማሪ_ነኝ
ይቅርታ፣ ዶት ጌይን ምንድን ነው? በየቦታው ሲባል እሰማለሁ።

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
ፎቶ ሲታተም በጥቃቅን ነጥቦች ነው የሚሠራው። ፕሌቱ (ምስሉን የያዘው ቆርቆሮ) ላይ 50 ከመቶ የሆነ ቦታ ወረቀት ላይ ሲደርስ ነጥቦቹ ይሰፋሉ። ብላንኬቱ (ቀለሙን ከፕሌቱ ተቀብሎ ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ጎማ) ይጫናቸዋል፣ ቀለሙ ይዘረጋል፣ ብርሃንም ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ በነጥቡ ጠርዝ ሥር ጥላ ይፈጥራል። በመጨረሻ 50ው 66 ሆኖ ይነበባል። የህትመት ዓለም አቀፍ ደረጃው አይኤስኦ 12647 ክፍል 2 በ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) እትሙ ለአርት ፔፐር የሚጠብቀው ይህን የ16 ጭማሪ ነው። ለተራው ያልተቀባ ወረቀት 22 ይላል።

ጌይን መኖሩ በራሱ ችግር አይደለም። ፕሮፋይሉ አስቀድሞ አስቦበታል። ነገር የሚበላሸው አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ተለይቶ ሲሰፋ ነው። ማጀንታ ብቻ 24 ቢሰፋ በፎቶው ውስጥ ግራጫ የነበረው ሁሉ ሮዝ ይሆናል፤ ፊት ደግሞ ይቀላል። ሶሊዱ (100 ከመቶ የተሞላው ቀለም) ልክ ሆኖ እያለ እንኳ ይህ ይደርሳል። «ሶሊዱን ለክተነዋል፣ ደህና ነው» የሚል ማተሚያ ቤት ውሸታም ላይሆን ይችላል። መካከለኛውን ቶን አልለካም ማለት ነው።

ባለ_ሁለት_ቀለም
እህቴ ሐረግ፣ ዕድሜዬን ማሽን ላይ የፈጀሁ ነኝና እኔም ልጨምር።

ማሽኑ ባለ ሁለት ቀለም ነው ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ የሚገባው ሁለት ጊዜ ነው። አብዛኞቻችን በመጀመሪያው ዙር ጥቁርና ሳያን፣ በሁለተኛው ማጀንታና ቢጫ እናትማለን። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ማንም ሰው ፊቱን አላየም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰማያዊና ጥቁር ጥላ ነው። ማሽኒስቱ በዓይኑ አይቶ «ይሄዳል» ብሎ የታዘዘውን ብዛት በሙሉ አትሞ ይጨርሰዋል። በማግስቱ ማጀንታና ቢጫ ሲገቡ ፊቱ ይወጣል። ያኔ ነው «ቀልቷል» የሚባለው። ሳያን አንሶ ከሆነ አሁን መጨመር አይቻልም፤ አልፏል። በእጁ የቀረው ማጀንታና ቢጫ ብቻ ነው። ማጀንታውን ይቀንሳል። ፊቱ ሲሻሻል ቀዩ ጥለት ይሞታል። አንቺ ያየሽው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ነው ከማንም በላይ ዴንሲቶሜትር (የታተመ ቀለም ምን ያህል እንደደመቀ በቁጥር የሚለካ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ቀለም ማሽን ላይ ለሚሠራ ሰው ነው የምለው። ባለ አራት ቀለም ማሽን የያዘ ሰው ውጤቱን እዚያው ያያል፣ እዚያው ያስተካክላል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ዙር የምናትመው ያላየነውን ፎቶ አምነን ነው። ስለዚህ ሳያኑ ቁጥሩ ላይ ካልተቀመጠ ሁለተኛውን ዙር መጀመር የለብንም። እኔ አርት ፔፐር ላይ ጥቁርን 1.75 አካባቢ፣ ሳያንን 1.40 እስከ 1.45፣ ማጀንታን 1.45፣ ቢጫን 1.35 አድርጌ እይዛለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እርጥብ ቀለም ሲለካ ከፍ ይላል፣ ሲደርቅ ይወርዳል። ባለ ፖላራይዘር (የእርጥብ ቀለምን ነጸብራቅ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው) መለኪያ ልዩነቱን ያጠብበዋል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ሳያኑን ትኩሱን 1.40 ብለህ ካለፍክ በማግስቱ ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል። ከወረቀቱ ላይ ጥቂት ሺት አስቀምጠህ በማግስቱ ለካው። ወረቀትህና ቀለምህ ስንት እንደሚወርዱ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ያንን አስበህ ትሠራለህ።

ማጀንታው ለብቻው ለምን ሰፋ ካላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ብላንኬቱን ነው። ላላ ብሎ እንደሆነ፣ ወይ ከሥሩ የገባው ወረቀት በዝቶ ግፊቱ ጨምሮ እንደሆነ። ቀጥሎ ቀለሙን። እንዲቀጥን ዘይት የሚጨምሩበት አሉ፤ እንደዚያ ሲሆን ነጥቡ ይዋኛል። ከዚያ ፕሌቱን የሚያረጥበውን፣ አልኮል ያለበትን ውሃ። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አልኮሉ ቶሎ ይተናል። ጠዋት የተስተካከለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ማሽኑ ማቆሸሽ ይጀምራል፤ ማሽኒስቱ ውሃ ይጨምራል፤ ቀለሙ ይታጠባል፤ ቀለም ይጨምራል። በዚህ መሀል ነጥቡ እንደፈለገው ይሆናል። የውሃውን ፒኤች (አሲድነቱን) ከ4.8 እስከ 5.5 መሀል ጠብቆ፣ ኮንዳክቲቪቲውን (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን) በየጊዜው መዝግቦ የሚሠራ ሰው ግማሹን ራስ ምታት ይገላገላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ቢጫን 1.35 ያሉት እንዴት ነው? እኛ እዚህ ሜሪላንድ አርት ፔፐር ላይ ቢጫን 1.00 አካባቢ ነው የምንይዘው። ያን ያህል ብጭን ሰው ሁሉ የወባ በሽተኛ ይመስልብኛል።

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የምትለኩት በተለያየ ስታተስ (የመለኪያው የፊልተር ደረጃ) ነው። አሜሪካ ስታተስ ቲ ይጠቀማሉ፣ አውሮፓ ስታተስ ኢ። ለቢጫ የሚያገለግለው ሰማያዊ ፊልተር በኢ ላይ ጠባብ ስለሆነ ያው አንዱ ቢጫ ቀለም ከፍ ብሎ ይነበባል። ሳያንና ማጀንታ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ እኛ ጋ ጉዳት ያደርሳል። ያገለገለ መለኪያ ከአሜሪካም ከጀርመንም ይመጣል። አንዱ ኢንተርኔት ላይ ያየውን የአሜሪካ ቁጥር በአውሮፓ መለኪያ ሊመታ ይሞክራል። ቢጫውን ቀንሶ 1.00 ላይ ያደርሰዋል። ቢጫ ያነሰው ፊት ደግሞ ሮዝ ነው። መለኪያ የያዛችሁ ሰዎች ዛሬውኑ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ስታተሱን እዩ። ወረቀቱን ቀንሶ ይሁን ጨምሮ እንደሚለካም እዩ፤ እሱም ቁጥሩን ይለውጣል።

ድርጅት_አለኝ
ውይይቱ ጥሩ ነው። ግን መሬት ላይ ያለውንም እንነጋገር። እኔ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ። ቀለም የምገዛው ገበያ ላይ የተገኘውን ነው። ዛሬ የአንድ ፋብሪካ፣ ከወር በኋላ የሌላ። ወረቀቱም እንደዚያው። ዴንሲቶሜትር የውጭ ምንዛሬ ነው፣ ከእሱ የላቀው መለኪያ ስፔክትሮፎቶሜትርማ አይነሳ። ደንበኛው የሚጠይቀኝ «ስንት ነው?» እና «መቼ ይደርሳል?» ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ ሥራ ተደራርቦ ሌሊቱን ሲታተም አይኤስኦ የሚለው ነገር ማን ያስታውሳል? በዓይን ሠርተን ኖረናል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ወንድሜ፣ ያልከው ችግር ሁሉ እውነት ነው። እኔም እዚህ ከመምጣቴ በፊት አራት ኪሎ ትንሽ ማሽን ላይ ስለሠራሁ አውቀዋለሁ። ቀለሙና ወረቀቱ የሚቀያየርብህ ከሆነ ግን መለኪያ ከእኔ በላይ ለአንተ ያስፈልግሃል። የእኔ ቀለም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ባልለካው እንኳ ትናንት የነበረውን ይደግማል። የአንተ አይደግምም።

ምንም የማያስወጣ መንገድ ልስጥህ። ወረቀቱ የሚቆረጥበት ጠርዝ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለት ሁለት ካሬ ደርድር። አንዱ ጥቁር ብቻ 50 ከመቶ። ጎኑ ያለው ሳያን 50፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40። ወርዱ 5 ሚሊሜትር ይበቃዋል። አራቱ ቀለም ከገባ በኋላ ሁለቱ ካሬዎች ጎን ለጎን ተቀራራቢ ግራጫ መምሰል አለባቸው። ሁለተኛው ሮዝ ካለ ማጀንታ በዝቷል፣ ወይ ሳያን አንሷል። አረንጓዴ ካለ ማጀንታ አንሷል። ቡናማ ካለ ሳያን አንሷል። የሰው ዓይን አንድ ቀይ ከሌላ ቀይ ለመለየት ይቸገራል። ግራጫ ላይ ግን በጣም ስለታም ነው፤ ትንሽ ብትዛነፍ ያያል። ዓይንህን ተጠቀምበት፣ እሺ። ግን ዓይን የሚችለውን ነገር ስጠው።

ካሬዎቹን የምታይበት ብርሃንም ይታሰብበት። ደረጃው 5000 ኬልቪን፣ ዲ50 የሚባለው ነው። የሱቁ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ 6500 ሆኖ ሁሉን ወደ ሰማያዊ ያደላባችኋል፤ የድሮው ቢጫ አምፑል ደግሞ ቢጫን ይደብቃል። ሌሊት የሚታተም ሥራ ሲአርአዩ (ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃው) ከ90 በላይ የሆነ ጥሩ ባለ 5000 አምፑል ከጠረጴዛው በላይ ይኑረው። ይህን ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ታገኘዋለህ።

ድርጅት_አለኝ
የካሬዋ ነገር ጥሩ ናት። እሱን እሞክራለሁ። ግን ባለ ሁለት ቀለም ማሽን ላይ ግራጫውን የማየው ሁለተኛው ዙር ላይ አይደለም እንዴ? ጋሼ ያሉት ችግር አልተፈታም።

ባለ_ሁለት_ቀለም
ልክ ነህ። ዘዴው እንዲህ ነው። ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ጥቂት ወረቀት ሙሉ በሙሉ በአራቱም ቀለም አውጣ። ሁለት ጊዜ ፕሌት መቀያየር ነው፣ አውቃለሁ፣ ያደክማል። ግራጫዋ ልክ ስትሆንልህ፣ የዚያን ወረቀት የመጀመሪያ ዙር ብቻ፣ ጥቁርና ሳያን ያለበትን፣ አድርቀህ አስቀምጠው። ከዚያ ወዲያ ሳያንን የምታስተያየው ከዚያ ደረቅ ወረቀት ጋር ነው። መለኪያ ባይኖርህም የምትመስለው ነገር አለህ። ለአንድ አይነት ወረቀትና ለአንድ ቆርቆሮ ቀለም አንዴ ከሠራኸው ለብዙ ሥራ ይሆንሃል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ስለ ፊት ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ማሽናቸውን የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው ካርድ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይባላል። ካርዱ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ልክ ከወጣ ማሽኑ ልክ ነው ይባላል። ጥቁር ሰው እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶ ላይ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሆንነው አንድም ለዚህ ነው።

በህትመትም ያው ነገር እንዳይደገም መጠንቀቅ አለብን። ነጭ ቆዳ በአብዛኛው ከ10 እስከ 50 ከመቶ ባለው ቶን ውስጥ ይቀመጣል። የእኛ ሰው ፊት ከ50 እስከ 90 ባለው ውስጥ ነው። የጉንጭ አጥንቱ፣ የግንባሩ መስመር፣ ከዓይን ሥር ያለው ጥላ፤ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ዶት ጌይን ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ የሚዘጋው እዚያው ነው። 85 የነበረው ሶሊድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ ፊቱ ጠቆረ ብቻ አይደለም፣ ቅርጹን አጣ። አንድ አዛውንት በዕድሜያቸው ያመጡት የፊት መስመር በብላንኬት ግፊት መጥፋት የለበትም።

ስለዚህ ሐረግ፣ ለቀሩት ገጾች ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከዋናው አርጂቢ ፎቶ ተነስተሽ እንደገና ቀይሪ። ሲኤምዋይኬውን በላዩ ላይ አትቀይሪው፤ ያለበለዚያ ጥቁሩ አራት ቀለም ሆኖ ይበታተናል። ሁለተኛ፣ ጂሲአሩን ከፍ አድርጊ። ጂሲአር ማለት በሦስቱ ቀለሞች የተሠራውን ግራጫ ክፍል አንስቶ ለጥቁር መስጠት ነው። የነጠላው ጥላ በሦስት ቀለም ሚዛን ከመንጠልጠል ይልቅ ግማሹን ጥቁር ይሸከመዋል። ማሽኑ ላይ ማጀንታ ቢዋዥቅም ጥላው ብዙ አይለወጥም።

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
በጂሲአሩ እስማማለሁ፣ ግን መካከለኛ ላይ ይቁም። ከበዛ ጥቁሩ በልጆች ጉንጭ ላይ ብናኝ አቧራ መስሎ ይታያል። የአራቱን ቀለሞች ድምርም እዪ። አርት ፔፐር ላይ ከ300 እስከ 330 ከመቶ ይችላል፤ ባለ ሁለት ቀለም ማሽን ላይ እኔ 300ን አላልፍም። የጋዜጣ ወረቀት ቢሆን 240 ነበር የምልሽ።

ባለ_ሁለት_ቀለም
አንድ የዲዛይን ነገር ላስቸግርሽ። የካላንደሩ ግርጌ ላይ የድርጅቱ ስም ያለበት ሰፊ ባለ ቀለም መደብ አለ?

ሐረግ_ዲዛይን
አለ ጋሼ። ጥቁር ቀይ ሶሊድ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ሎጎው በነጭ ተጽፎበታል።

ባለ_ሁለት_ቀለም
ጠርጥሬ ነበር። የቀለም ቁልፍ የሚቆጣጠረው ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ያለውን አንድ ሙሉ ሰቅ ነው። ፊቱና ያ ቀይ ሶሊድ አንድ ሰቅ ላይ ናቸው። ሶሊዱ እንዲሞላ ማሽኒስቱ የማጀንታ ቁልፉን ይከፍታል። ፊቱም ያንኑ ማጀንታ ይጠጣል። ቁልፉን ቢዘጋ ሶሊዱ ይፈዛል፣ ደንበኛው «ቀለሜ አይደለም» ይላል። ማሽኒስቱ መሀል ተይዟል።

ከቻልሽ ፎቶውና ሶሊዱ ጎን ለጎን፣ በተለያየ ሰቅ ላይ እንዲሆኑ ገጹን አዙራችሁ ፕሌት ላይ አስቀምጡት። ካልሆነ ሶሊዱን በአምስተኛ ቀለም፣ በፓንቶን (ለብቻው በተቀመመ ቀለም)፣ ለብቻው አሳትሚው። አንድ ተጨማሪ ዙር ያስከፍላል። በምላሹ የድርጅቱ ቀለም በየገጹ አንድ ዓይነት ይወጣል፣ ፊቱም ነጻ ይሆናል።

ፊደል_ለቃሚ
ስለ ነጭ ጽሑፍ ከተነሳ እኔም ልናገር። በአራት ቀለም መደብ ላይ ትንሽ የአማርኛ ጽሑፍ በነጭ አትጻፉ። ፊደላችን ውስጡ ጠባብ ነው። «ጨ»፣ «ሙ»፣ «ቋ» ላይ ያሉት ትንንሽ ክፍተቶች ቀለም ሲሰፋ ቀድመው ይደፈናሉ። አንዱ ቀለም ትንሽ ከቦታው ቢሸሽ ደግሞ ዳር ዳሩ ይቀላል። ከ9 ነጥብ በታች ከሆነ ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ፤ መደቡንም በሁለት ቀለም ብቻ ሥሩት። የቀን ቁጥሮችና የበዓላት ስም በጥቁር 100 ብቻ ይሁኑ፣ ኦቨርፕሪንት ተደርገው (ከሥራቸው ያለው ቀለም ሳይቆረጥ በላዩ ላይ ታትመው)። ካላንደር ላይ ሰው በዓሉን የሚያነበው ግድግዳ ላይ ሆኖ ከሩቅ ነው፤ ጠርዙ የደበዘዘ «ጥምቀት» ያሳዝናል።

ሐረግ_ዲዛይን
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ ክሱን ትቼ ካሬዎቹን ይዤ ነው የሄድኩት። ማሽኒስቱ ራሱ ደስ አለው። ከጎረቤት ማተሚያ ቤት ዴንሲቶሜትር ተዋስን። ስታተስ ኢ ነበር።

የታተሙት ገጾች ላይ ሳያኑ ደርቆ 1.24 ነው። የማጀንታ ሶሊድ 1.47፣ ልክ ነው ማለት ይቻላል። የማጀንታው 50 ካሬ ግን 73 ይነበባል። ሁለቱም ችግር አንድ ላይ ነበር ማለት ነው። ብላንኬቱ በእርግጥ ላልቶ ነበር። አጠበቁት፣ ከሥሩም አንድ ወረቀት አወጡ። ማጀንታው ወደ 67 ወረደ። ሳያኑን ከፍ አድርገው ጀመሩ። የጥር ገጽ ወጥቷል፤ ነጠላው ነጭ ነው፣ ጥላውም ግራጫ። የአባባ ግንባር ላይ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የጥለቱ አረንጓዴ ከዲጂታል ናሙናው ይልቅ ወደ ቢጫ ያደላል። ቀዩም ትንሽ ወደ ማጀንታ። ይህስ ከምንድን ነው?

ባለ_ሁለት_ቀለም
እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ማሽኒስቱን እንደ ባላንጣ ሳታይው መሄድሽ ነው ሥራውን ያዳነው።

አረንጓዴው በቀለም መያያዝ ነው። ባለ አራት ቀለም ማሽን ላይ ቢጫው እርጥብ ሳያን ላይ ነው የሚያርፈው፤ በሙሉ አይያዝም። አንቺ ጋ ግን ሳያኑ በማግስቱ ደርቋል። ቢጫው ደረቅ ላይ በደንብ ተያዘ፣ ስለዚህ አረንጓዴው ወደ ቢጫ አደላ። ናሙናሽ የሚመስለው ባለ አራት ቀለሙን ማሽን ነው። ቀዩ በተቃራኒው ነው። ማጀንታና ቢጫ በአንድ ዙር እርጥብ በእርጥብ ገቡ፤ ቢጫው ሙሉ በሙሉ አልተያዘም፣ ቀዩ ወደ ማጀንታ ሄደ። ሁለተኛ የሚገባው ቢጫ ከማጀንታው ያነሰ የሚለጠፍ መሆን አለበት። ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ ይህ ይፋለሳል። ከአንድ ፋብሪካ፣ አብረው የተሠሩ የአንድ ስብስብ ቀለሞች ይግዙ። የቀረውን ልዩነት ተቀበይው፤ የማሽኑ ጠባይ ነው። ቢጫውን ቀንሰሽ አረንጓዴውን ልታስተካክዪ ብትሞክሪ ፊቱን መልሰሽ ታቀይዋለሽ።

ሐረግ_ዲዛይን
ገባኝ ጋሼ። እንዳለ እተወዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሽፋኑን ማት ላሚኔሽን (የማያብረቀርቅ ፊልም መለጠፍ) ማድረግ አስበን ነበር። ቀለሙን ይለውጠዋል?

ፕሪፕሬስ_ፒያሳ
ይለውጠዋል። ማት ፊልም ብርሃኑን በላዩ ላይ ስለሚበትነው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ከፍ ይላል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ጠቆር ያለ ፊት ላይ ጥልቀቱ የሚቀንሰው በዚህ ነው። የሽፋኑ ፎቶ ፊት ከሆነ እኔ የሚያብረቀርቀውን እመርጣለሁ። ደንበኛው ማት ካለ ሽፋኑን ከማተማችሁ በፊት አንድ የታተመ ወረቀት ላይ ፊልሙን አስለጥፋችሁ አሳዩት፤ በቃል አታስረዱት።

ባለ_ሁለት_ቀለም
ቀለሙም በደንብ ይድረቅ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን። ፓውደሩንም (ወረቀቶቹ እንዳይጣበቁ የሚረጨውን ዱቄት) ለሽፋኑ ወረቀት በትንሹ አድርጉት። ከበዛ ፊልሙ ሥር ይቀርና ጥቁር ቦታ ላይ ብርማ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚወጣበት መንገድ የለም። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ሳይከምሩ በትንሽ በትንሹ ካስቀመጡት ያን ያህል ፓውደር አያስፈልገውም።